አስራ ሁለተኛዋ መፍቻ

«አንብቢው እስቲ፣ እኔም ልሳቅ» አሉ ጋሼ ቆጣሪ።

ልጅቷ ወረቀቷን ዘረጋች። ዛሬ በትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን ነው፤ አባቷን ለተማሪው የምታስተዋውቀው እሷ ናት። ቢሮው ቁጭ ብላ እየጠበቀችው ነው። ጋሼ ቆጣሪ አባቷ በሚመራው ኩባንያ የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ድሮ ከአባቷ ጋር በአንድ ጦር ክፍል ሄሊኮፕተር ሲጠግኑ ኖረዋል። ቅጽል ስማቸው ከሥራቸው የመጣ ነው። ጥገና ሲያልቅ መፍቻ ሁሉ ይቆጠራል፤ አንዲት ከጎደለች የሚነሳ ሄሊኮፕተር የለም።

ግድግዳው ላይ የአባቷ የውትድርና ዘመን ሰሌዳ ተሰቅሏል። የእያንዳንዷ መፍቻ ቅርጽ በቀይ ቀለም ተስሎበታል። አስራ አንዱ በየቦታቸው ናቸው፤ የአስራ ሁለተኛዋ ቅርጽ ባዶ ነው።

«አባቴ ተራ ወታደር ሳለ» ብላ ጀመረች፣ «ሄሊኮፕተሩን ሰማይ ላይ ሳል ያዘው። አባቴ በመስኮት ወጣ፣ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ ብሎኑን አጠበቀ። መፍቻዋ ግን አመለጠችው፤ እስከ ዛሬ ጨረቃን ትዞራለች። በዚህ ጀግንነቱ ምህንድስና እንዲማር ተላከ፤ ይኸው ዛሬ ሥራ አስኪያጅ ነው!»

ይህን ወሬ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ከአባቷ ስትሰማው ነው ያደገችው። መጀመሪያ ሄሊኮፕተሩ ላይ አንበሳም ተጭኖ ነበር፤ ከፍ ስትል አንበሳውን አስወረደችው።

ጋሼ ቆጣሪ አልሳቁም።

«ይህን ሰው ፊት ልታነቢ ነው?»

«ቀልድ እኮ ነው ጋሼ! ትንሽ ፈታ እንዲሉ።»

«ሄሊኮፕተሩ ሲከሰከስ ሁለት ሰዎች ነበሩበት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አብራሪውና ጢም እንኳ ያላወጣ ረዳቱ። መፍቻዋ ጨረቃ ዘንድ አልሄደችም፤ ሞተሩ ውስጥ ነበረች። አባትሽ በማግስቱ ለትምህርት ሊሄድ ነው። ፍለጋ ከተጀመረ ጉዞው ሊቀርበት ነው። "ሙሉ ነው" ብሎ ፈረመ። መርማሪዎቹ የአየሩን ጠባይ ወቀሱ፤ እኔም አፌን ዘጋሁ። ይኸው እስከ ዛሬ እቆጥራለሁ።»

በሩ ተበረገደ። «ብሎኔ! ተነሺ፣ ረፈደብን!» አባቷ ክራቫቱን እያስተካከለ ገባ።

«አባዬ፣ የዚያን ቀን ቆጥረህ ነበር?»

ጋሼ ቆጣሪን አየ። ሰሌዳውን አየ። ከንፈሩ ቀልድ ፍለጋ ተንቀሳቀሰ፤ አልመጣለትም።

«ሁለቴ» አለ። «ሁለቴም አስራ አንድ ነበሩ።»

በመኪናው ሄዱ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ፣ «እንደጻፍሽው ነው የምታነቢው፣ አይደል?» አላት። የመኪናውን በር ከፍታ ወረደች።

አዳራሹ ጥቅጥቅ ብሏል። ወሬውን የሚያውቁት ጓደኞቿ ከፊት ወንበር ሆነው «ጨረቃዋን! ጨረቃዋን!» እያሉ ይንሾካሾካሉ። ማይኩን ያዘች። ወረቀቱን አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው፣ ኪሷ ከተተችው።

«አባቴ ቢሮ አስራ ሁለት መፍቻ የሚሰቀልበት ሰሌዳ አለ» አለች። «ያሉት አስራ አንድ ናቸው። ስለ አስራ ሁለተኛዋ ራሱ ይነግራችኋል።»

አጠገቧ ለቆመው አባቷ ማይኩን ዘረጋችለት። እጁ አልተነሳም። ክንዷ ዛለ፤ ግን አላወረደችውም።