አስተርጓሚዋ እርማት አላት

«ምን አለ?» አሉ ኦቦ ደበላ በአፋን ኦሮሞ። ዐይናቸው ያረፈው ግን ሐኪሙ ላይ ሳይሆን ሊሚ ፊት ላይ ነበር።

ዶክተር ዮናስ ተናግሮ ጨርሷል። የተናገረውም አጭርና ግልጽ ነበር፦ «የቀኝ እግርዎ ሁለት ጣቶች ሞተዋል። እስከ ሐሙስ ካልተቆረጡ መመረዙ ወደ ላይ ይወጣል። እግርዎን ያጣሉ፤ ከዘገዩም ይሞታሉ።» ሊሚ እያንዳንዱን ሐሳብ በማስታወሻዋ ላይ በምልክት አስፍራለች። ቃላቱን በሁለቱም ቋንቋ ታውቃቸዋለች። የቀራት አፏን መክፈት ብቻ ነበር።

ሊሚ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ክረምቱን አዲሱ ገበያ በሚገኝ አንድ ማሠልጠኛ የአስተርጓሚነት ሙያ ስትማር ቆይታለች። ከሠልጣኞቹ ሁሉ ታናሽ ብትሆንም፣ እቤት አፋን ኦሮሞ፣ ደጅ አማርኛ ስትናገር ያደገች በመሆኗ ምላሷ ፈጣን ነው። በዚያ ማክሰኞ ወደ ሆስፒታሉ የመጣችው በማሠልጠኛው የሚያስተምሩት ነባር አስተርጓሚ ወይዘሮ ሶፍያ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጣ ለማየት ነበር። ነገር ግን ወይዘሮ ሶፍያ በድንገት ወደ ማዋለጃ ክፍል ተጠሩ። ዶክተሩም በኮሪደሩ የተሰለፈውን ሕመምተኛ ተመለከተና፣ «አንቺ ትችያለሽ አይደል?» አላት። ሊሚ ደረቷን ነፍታ «እችላለሁ» አለች።

የሙያው ሕግ ጥቂት ነው። አስተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ አይለውጥም። «ሐኪሙ እንዲህ ይላል» ሳይሆን፣ በሐኪሙ ቦታ ሆኖ «እኔ» እያለ ይናገራል። ከተሳሳተ ደግሞ እጁን አንሥቶ «አስተርጓሚው እርማት አለው» ይልና ያርማል። እንግዲህ ሊሚ አሁን፣ በአያቷ ዕድሜ ላሉ ሰው፣ ዐይን ዐይናቸውን እያየች «ይሞታሉ» ማለት ነበረባት።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ቀን የቤቱን ስልክ አነሣች። የአክስቷን ሞት ሰማች፤ እንደ ሰማችውም ወደ ጓዳ ሮጣ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ የያዘችውን የፈላ ድስት ለቀቀችው። ጠባሳው ዛሬም በእናቷ እግር ላይ አለ። ለቅሶ የመጡት ጎረቤቶች ልጅቱን በዐይናቸው እየገረፉ፣ «መርዶ በሽማግሌ፣ ያውም ጎሕ ሲቀድ እንጂ፣ በልጅ አፍ ይነገራል?» ተባባሉ። ከዚያ ወዲህ ክፉ ወሬ ሲያጋጥማት ምላሷ ከላንቃዋ ይጣበቃል።

«ልጄ፣ ምን አለ?» አሉ ኦቦ ደበላ ደግመው።

«ሐኪሙ... ቁስሉ አልድን ብሏል፣ እስከ ሐሙስ ቢመጡ ጥሩ ነው ይላል።»

የሽማግሌው ፊት ፈካ። «እኔ ደግሞ ግንባሩን ሲቋጥር አይቼ ክፉ ነገር መስሎኝ! እንግዲያውስ ነገ አገሬ ልግባ፤ ድንቹ በዝናብ ሊበሰብስብኝ ነው። እሱን አውጥቼ ለመስቀል ስወርድ ብቅ እላለሁ።»

«ምን አሉ?» አለ ዶክተሩ ብዕሩን እንደያዘ።

የመጀመሪያው ስሕተት ሁለተኛውን ወለደ። «እ... እሺ፣ እመጣለሁ ብለዋል።»

ዶክተሩ ጻፈና ቀጣዩን ሕመምተኛ ጠራ። ኦቦ ደበላ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ፤ ሻካራ እጃቸውንም ሊሚ ራስ ላይ ጫኑ።

«እደጊ፣ ልጄ» አሉ። «መልካም ወሬ አፍሽን አይለየው።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሊሚ የቁስቋምን ቁልቁለት ከሮሐ ጋር እየወረደች የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። አብራት የምትሠለጥነው ሮሐ ሰምታ ስትጨርስ ጭቃው መካከል ቀጥ ብላ ቆመች።

«ወይዘሮ ሶፍያ ሰምተዋል?»

«አልሰሙም።»

«ሌላ ሰውስ?»

«ማንም።»

«በቃ፣ ታዲያ ምን ታካብጃለሽ? ነገ እኮ የማጠቃለያ ፈተና ነው። ጋሽ መሸሻን ደግሞ ታውቂያቸዋለሽ፤ ባለፈው ዙር አንዱን ልጅ ሲያስተረጉም አንዲት ቁጥር ቢዘል አባረሩት አሉ። አንቺ በገዛ እግርሽ ሄደሽ ልትነግሪያቸው ነው? ፋራ አትሁኚ።»

«ሰውየውስ?»

«ሲያማቸው ይመጣሉ።»

«አያማቸውም፣ ሮሒ። ስኳር ነው። ዶክተሩ የእግር ጣታቸውን በመርፌ ሲወጋ ምን እንዳሉት ታውቂያለሽ? ‹መቼ ነው የምትጀምረው?› አሉት።»

ሮሐ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። ታክሲው ሲደርስ ቀድማ ገባች፤ በሩ ላይ ሆና ግን ዘወር አለች። «እኔ ምንም አልነገርሽኝም፣ እሺ? ቢጠይቁኝም አልሰማሁም ነው የምለው።»

ታክሲው ውስጥ የሊሚ ዐይን ከሰው እግር ላይ አልነቀል አለ። የረዳቱ እግር በተቀደደ ሸራ ጫማ፣ የአንዲት ሴት እግር በላስቲክ ጫማ፣ የሕፃን ልጅ እግር ያለ ካልሲ። ሳታስበው ጣቶቻቸውን ትቆጥር ነበር።

እቤት ስትደርስ እናቷ ወይዘሮ አፀደ ከሥራ ገብታ እግሯን ትታጠብ ነበር። ጠባሳው ውኃ ሲነካው ያብለጨልጫል።

«ዛሬ ደግሞ አፍሽን ማን ሰፋው?» አለቻት።

ሊሚ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ያላነሣችውን ነገር ጠየቀች። «እማዬ፣ ያኔ... የአክስቴን ነገር ባልነግርሽ ይሻልሽ ነበር?»

እናቷ እግሯን ከመታጠቢያው አወጣች። «ለቀብሯ የደረስኩት አንቺ ስለነገርሽኝ ነው» አለች። «ሽማግሌዎቹማ በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ሲመጡ፣ እሷ አፈር ለብሳ አድራለች።» ከዚያም ፎጣውን እንድታቀብላት እጇን ዘረጋች።

ረቡዕ ጠዋት ሊሚ የማሠልጠኛውን ደረጃ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ልትወርድ ቃጣት። በሦስተኛው ፎቅ መስኮት ቁልቁል ስታይ ወደ ኦቦ ደበላ አገር፣ ወደ ሱሉልታ የሚሄዱት ታክሲዎች ሰው እየጫኑ ነው። ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ባየች ቁጥር ወደ መስታወቱ ትጠጋለች። የአንዱም ፊት ግን ከላይ አይለይም።

የማሠልጠኛው ኃላፊ ጋሽ መሸሻ ቢሯቸው ውስጥ የፈተናውን ወረቀት ይቆጥራሉ። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ያስተረጎሙ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው።

«ፈተናው በሦስት ሰዓት ነው» አሉ ቀና ሳይሉ።

ሊሚ እጇን አነሣች። «አስተርጓሚዋ እርማት አላት» አለች።

ጋሽ መሸሻ ወረቀቱን አስቀመጡ። እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«ሰውየው አሁን የት ናቸው?»

«ዛሬ አገራቸው ይገባሉ። ካርዳቸው ላይ ስልካቸው ተጽፏል።»

ጋሽ መሸሻ ወደ ዶክተር ዮናስ ደወሉ። ሊሚ የዶክተሩ ድምፅ ሲጮኽ ሰማች። ወይዘሮ ሶፍያም ከታችኛው ፎቅ ተጠርተው መጡ፤ ነገሩን ሲሰሙ ሻርፓቸውን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«ዛሬ አትፈተኚም» አሏት ጋሽ መሸሻ። «በሚቀጥለው ዙር ትገቢ እንደሆነም አላውቅም። አሁን ወይዘሮ ሶፍያ ያስተረጉማሉ። አንቺ መሄድ ትችያለሽ።»

ሠልጣኞቹ እየተሳሳቁ ደረጃውን ይወጣሉ። የሮሐ ሳቅ ከሁሉም ተለይቶ ይሰማል። ሊሚ በሩን አየች፤ ክፍት ነው።

«ያጎደልኩት እኔ ነኝ» አለች። «እሳቸው ይቀመጡና ይስሙኝ። ብሳሳት ያርሙኝ።»

ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ተያዩ። ወይዘሮ ሶፍያ ወንበር ስበው ከጎኗ ተቀመጡና ስልኩን ወደ እሷ አዞሩት።

ዶክተሩ ከካርዱ ያነበበላቸውን ቁጥር ጋሽ መሸሻ ደወሉ፤ ስልኩ ጠራ። ደግሞ ጠራ። ሊሚ አይነሣም ብላ ስታስብ የሞተር ድምፅ፣ የረዳት ጩኸት፣ ከዚያም «ሃሎ?» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ። ኦቦ ደበላ መንገድ ላይ ነበሩ። ዶክተር ዮናስ በዚያው መስመር ገብቶ የትናንቱን ቃል አንድ በአንድ ደገመው። ሊሚም ጻፈች።

«ምን አለ?» አሉ ኦቦ ደበላ።

«አስተርጓሚዋ እርማት አላት» አለች ሊሚ በአፋን ኦሮሞ። «ትናንት ሐኪምዎ የተናገሩትን አጉድላ ነው የነገረችዎ። ሙሉው ይህ ነው።»

ማስታወሻዋን ተመለከተች።

«እኔ ሐኪምዎ ነኝ። የቀኝ እግርዎ ሁለት ጣቶች ሞተዋል።»

ወዲያ ማዶ የረዳቱ ጩኸት ብቻ ይሰማል። ሊሚ ማስታወሻዋ ላይ ያለውን ቀጣይ ምልክት በጣቷ ያዘችና ቀጠለች።