በበዓል የተቆፈረው ቦይ

ከኮሶዬ ከፍ ብላ በምትገኘው መንደር አያ ስማቸውን የማያውቅ የለም። አገሬው የበዓል ጠባቂ አድርጎ ከመረጣቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ሥራቸው የታወቁት በዓላት ሳይሻሩ መዋላቸውን ማየት ነው። በወሩ አሥራ ሁለት በሚካኤል፣ በሃያ አንድ በማርያም ማልደው ጉብታው ላይ ይወጣሉ። የዶማ ድምፅ ያዳምጣሉ፤ የተጠመደ በሬ እንዳለም ይመለከታሉ። ጎረምሶቹ «አያ ስማቸው በበዓል መሬት የምትጭር ዶሮ ካዩ ይከሷታል» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸው ግን በዚህ ነገር ቀልድ አይወዱም። በበዓል መሬት የቆፈረ ሰው በአገሩ ላይ በረዶ ይጠራል ሲባል ነው ያደጉት።

አንድ ሸጋ ጠባይ ግን አላቸው። ያላዩትን አይናገሩም። ሁለት ሰዎች በድንበር ቢጣሉ ከቦታው ወርደው በዘንጋቸው ይለካሉ እንጂ ያንዱን አፍ አምነው አይፈርዱም።

ነሐሴ ሃያ አምስት ቀን ከቀትር በኋላ በረዶ ወረደ። ሲጀምር ባቄላ ያክል ነበር፤ ኋላ ድንች አከለ። ሰው ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ እስኪመለስ ያህል ሳያቋርጥ ጣለ። በረዶውን ተከትሎ ጎርፍ ከተራራው ወረደ። ዝናቡ ሲያባራ ዘለላ ማውጣት የጀመረው ገብስ ከጉልበቱ ተሰብሮ መሬት ላይ ተነጥፎ ነበር።

በማግስቱ ጥዋት ጎረቤታቸው ክንዱ እያለከለከ መጣ።

«አያ፣ እርስዎ ነዎት የበዓል ጠባቂ? ትርንጎ እኮ ሚካኤል ዕለት ስትቆፍር ውላለች! እኛ ለፍልሰታ ቅዳሴ ቆመን ሳለን!»

አያ ስማቸው ደነገጡ። በዚያን ዕለት እሳቸውም ቅዳሴ ላይ ስለነበሩ ጉብታው ላይ አልወጡም። ክንዱንና ሌሎች ጎረቤቶችን አስከትለው ወደ ትርንጎ ደጅ ሄዱ። ትርንጎ ባሏ ከሞተ አራት ዓመት የሆናት፣ ሁለት ሴቶች ልጆች የምታሳድግ ገበሬ ናት። በሬ የላትም። ማሳዋን የሚያርሱላት ጎረቤቶቿ ናቸው። በአገሩ ደንብ በዓል የሻረ ሰው ከማኅበር ይወጣል፤ በሬ አይጠመድለትም፣ እሳት አይጫርለትም። ይህ ከተፈረደባት ለእሷ ያለው መንገድ ቤቷን ዘግታ ጎንደር መግባት፣ ሰው ቤት ተቀጥሮ መሥራት ነው።

«ትርንጎ፣ ሚካኤል ዕለት ቆፍረሻል?» አሏት።

«ቆፍሬያለሁ።»

«ምነው?»

«በዋዜማው የወረደው ጎርፍ ድንቼን ሊገምሰው ምንም አልቀረው። ጥዋት ሳየው አንድ ዝናብ ቢደግም ማሳው አይኖርም። ሚካኤልን ይቅር በለኝ ብዬ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፈርኩ።»

«አንቺን ይቅር ብሎ እኛን በበረዶ የሚቀጣን ምነው?» አለ ክንዱ።

«አንተ በሰኔ ሚካኤል በአረቄ ሰክረህ ከአጥር ጋር ስትጣላ አልዋልክም? ያን ጊዜ በረዶው የት ሄዶ ነበር?»

ከኋላ የቆሙት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አያ ስማቸው አልሳቁም። «ፍርዱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። እስከዚያ ጉዳቱን አያለሁ» ብለው ሄዱ።

ጉዳቱን ለመመዝገብ ከአዘዞ የተመደበችው የግብርና ባለሙያ ሃናም በዚያው ቀን ደረሰች። አብረው ዞሩ። አያ ስማቸው አንድ ገመድ ይዘዋል፤ በረዶ የመታው ማሳ ባዩ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ያስራሉ። በረዶው ከትርንጎ ማሳ ጀምሮ ይሰፋል ብለው ነበር የጠበቁት። ያዩት ግን ሌላ ነው። በረዶው ከገደሉ በኩል መጥቶ፣ በበዓል አንድ ዶማ ያልተነሳበትን የጎረቤት ደብር አቋርጦ ነው የገባው። ክፉኛ ከተመቱት መካከል የቤተ ክርስቲያኑ ገብስ አንዱ ነው። የትርንጎ ማሳ ዳር ላይ ስለሆነ በረዶው የነካው በጥቂቱ ነው።

«በደለኛዋ ዳር ሆና ቤተ ክርስቲያኑ መሃል?» አሉ ለራሳቸው። ገመዱን ደጋግመው ቆጠሩት። አርባ ሦስት።

በሁለተኛው ቀን ከሃና ጋር ጎርፉ የሄደበትን ተከተሉ። ከትርንጎ ማሳ ወዲያ ያሉት መሬቶች አፈራቸው ተጠርጎ ድንጋይ አግጥጧል። ከማሳዋ ሥር ወዳለው ወደ ራሳቸው ባቄላ ሲደርሱ ግን አያ ስማቸው ቆሙ። ቅጠሉ ተበጣጥሷል፤ ሥሩ ግን በአፈሩ ውስጥ እንደተተከለ ነው። ዘንጋቸውን መሬት ላይ ወጉት፤ እስከ ክንድ ገባ። ከድንበሩ ባሻገር ባለው የክንዱ ማሳ ወጉት፤ ከጣት አላለፈም፣ ድንጋይ ነካ።

ወደ ላይ ወጡ። ከትርንጎ ማሳ ራስጌ ቦዩ አለ። ጥልቀቱ እስከ ጉልበት ነው፤ በአንድ ወገን አፈሩ ተክቦ ጓሳ ሣር ተተክሎበታል። በጥላው በኩል ያልቀለጠ በረዶ እስካሁን ነጭ ሆኖ ተከምሯል። ከተራራው የወረደው ጎርፍ በዚህ ተቀልብሶ፣ ማሳዋንም ባቄላቸውንም ዘልሎ ወደ ድንጋያማው ሸለቆ ገብቷል።

አያ ስማቸው ቦዩ አፍ ላይ ተቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ በረዶ ታዲያ ከምን መጣ?»

«በረዶ ድሮም ነበረ፣ አያ» አለች ሃና። «ይህን አንድ በረዶ ማን አመጣው ቢሉኝ አላውቅም። የማውቀው አየሩ እየሞቀ መምጣቱን ነው። የሞቀ አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፤ ሲጥል ታዲያ ባንዴ ይጥለዋል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ክረምቱ መቼ ይገባ ነበር?»

«ሰኔ ሲብት። አሁንማ አንዳንዴ ሐምሌ ይሆናል፤ ሲመጣም እንደ ተቆጣ ሰው ነው።»

«እሱን ነው የምልዎት። አየሩን የሚያሞቀው በብዛት የሩቅ አገር ፋብሪካና መኪና ጭስ ነው።»

«እነሱ አጭሰው እኛን ምነው?»

«ጭስ ድንበር አያውቅም። እኛን አስበው ያደረጉት አይደለም፤ ግን ደረሰብን። ያን ጭስ እንዲቀንሱ መጠየቅ አለብን። እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ። ያ ተራራ ምን ነበረበት?»

አያ ስማቸው ቀና ብለው አዩ። ልጅ ሳሉ ያ ተራራ በአስታ ቁጥቋጦ የተሸፈነ ነበር፤ ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ይለቀው ነበር። ለማገዶና ለአጥር ያልቆረጠ የለም። የራሳቸው አጥር ከዚያ የመጣ ነው። በዓል ሲጠብቁ ከጉብታው ላይ ሆነው ያን ተራራ ስንት ጊዜ አይተውታል! የዶማ ድምፅ ሲያዳምጡ የምሳሩን ድምፅ ሰምተው አያውቁም፤ ምሳር በአዘቦት ቀን የሚነሳ ነውና።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ በደጀ ሰላሙ ተሰበሰበ። ትርንጎ ልጆቿን በግራና በቀኝ ይዛ ቆማለች። አያ ስማቸው ገመዱን ከፍ አድርገው አሳዩ።

«አርባ ሦስት ማሳ አይቻለሁ። በረዶው በዓል የሻረና ያከበረ አልለየም። ጎርፉ ግን ለየ፤ ቦይ ያለውንና የሌለውን ለየ። የኔ ባቄላ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ምክንያቱም ከበላዩ ትርንጎ ቆፍራለች። ያዳነችኝን ሴት ከአገር ላስወጣት ነበር።» ወደ ካህኑ ዞሩ። «አባ፣ እርስዎ ይፍረዱ።»

የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ኃይለ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። «በዓል ይከበር። ነገር ግን በሬ ገደል ሲገባ በበዓል አታወጡትም? ከበሬው አፈሩ ይበልጣል፤ በሬ ይገዛል፣ አፈር ግን ከሄደ አይመለስም። ሚካኤልን አዳኝ እያልን እየጠራነው ማዳንን ወንጀል አናድርግ። ትርንጎ በደል የለባትም።»

አያ ስማቸው ወደ ትርንጎ ሄደው እስከ መሬት እጅ ነሡ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እኅቴ። ይቅር በይኝ።»

«ኧረ አያ፣ በሞቴ ቀና ይበሉ!» አለች ትርንጎ ደንግጣ። «እኔ የቆፈርኩት ለድንቼ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፤ የእርስዎን ባቄላ አስቤው አላውቅም።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። አያ ስማቸውም በዚህ ጊዜ አብረው ሳቁ።

ክንዱ ከዳር ሆኖ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ያ ቦይ... ወደኔ ማሳ በኩል ይረዝም ይሆን?»

«ዶማ ይዘህ ከመጣህ ምነው አይረዝም!» አለችው ትርንጎ።

ሰኞ ሠላሳ ስድስት ሰው ወጣ። ሃና የውሃውን ልክ እየለካች መስመር አሰመረች፤ ትርንጎ ከፊት ሆና ቦዩ የት እንደሚታጠፍ አሳየች። ተራራው ከምሳርና ከከብት እንዲከለል፣ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ በየቤቱ እንዲሠራ ተስማሙ። ጎረቤቶቿ በሬ ሊያውሷት ቀን ሲከፋፈሉ አያ ስማቸው የመጀመሪያውን ቀን ወሰዱ።

ወገኖቼ፣ መከራ ሲመጣ በደለኛ መፈለግ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም የምናገኘው ደካማውን ነው። የአየሩ መለወጥ ግን ደካማን በማባረር አይመለስም። ዓይንን ከፍቶ ምን እንደ ጠፋ፣ ምን እንደ ዳነ፣ ማን እንዳዳነው ማየት ያሻል። ያዳነንንም ሳናፍር ማመስገን። በዚያ ሰኞ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አያ ስማቸው በአፈር የተለወሰ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ረጅሙን ቦይ ዳር እስከ ዳር ተመለከቱና እንዲህ አሉ፦

«ተመስገን። ትርንጎ ሳታስበኝ ይህን ያህል ከጠቀመችኝ፣ ተሳስበን ብንሠራማ ምን ልንሆን ነው!»