የአሥራ ሰባት ቁጥር ትንፋሽ

ዳሶም የምትተዳደረው በአፍንጫዋ ነበር። ቾናን ከተማ ዳር ባለው የማስቲካ ፋብሪካ፣ በነጭ መጋረጃ ለሁለት በተከፈለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያለ ሰው በቀጭን ቱቦ እፍ የሚለውን ትንፋሽ ታሸታለች። ከዜሮ እስከ አምስት ነጥብ ትሰጣለች። ዜሮ ምንም የማይሸት ነው፤ አምስት ደግሞ ሰው ከክፍል የሚያስወጣ። ስም የለም፣ ፊት የለም፣ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

ፋብሪካው ስኳር አልባ ማስቲካ ያመርታል። ማስቲካው የአፍ ጠረን እንደሚያጠፋ ከመሸጡ በፊት መረጋገጥ ስላለበት ፈቃደኞችን በየሳምንቱ እየጠራ ከማኘካቸው በፊትና በኋላ ያስተነፍሳቸዋል። ለዚሁ ሥራ ሲባል ዳሶም ከሰኞ እስከ ዓርብ ነጭ ሽንኩርት አትቀምስም፣ ኪምቺ የሚሉትን የቦካ ጎመን አትነካም፣ ሽቶ አትቀባም። አባቷ በየምግቡ ሰዓት ይነጫነጭባታል።

«ኪምቺ የማትበላ ልጅ አለችኝ ብዬ ለማን ልንገር? ሰው ይስቅብኛል እኮ!»

ሥራውን ያስተማረቻት እትዬ ቼ የምትባል፣ ሃያ ዓመት የሰው አፍ ያሸተተች ሴት ናት። ትናንሽ ጠርሙሶች ደርድራ አንድ በአንድ እየከፈተች አስለመደቻት።

«ይኼ የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ከምላስ ጀርባ የሚመጣ ነው፤ አፍ ሲደርቅ ይብስበታል። ይኼ ከድድ ነው። ይኼ ያለፈበት ፍራፍሬ የሚመስለው የስኳር ሕመምተኛ ነው፣ ወይም ሲጾም የዋለ ሰው።» የመጨረሻውን ስትከፍት ዳሶም አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሽንት ሽንት የሚል፣ የሚሰነፍጥ ነገር ነበር። «ይኼ የአፍ አይደለም፤ የኩላሊት ነው። ይኼን ያሸተትሽ ቀን ነጥብ ምናምን እንዳትጽፊ። ሰውየውን ወደ ሐኪም ላኪው።»

ዳሶም ራሷን ነቀነቀች። ምን ያህል በደንብ እንደሰማች ኋላ ታየ።

አሥራ ሰባት ቁጥር የመጣው በነሐሴ ሙቀት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ መነጋገር ክልክል ነው፤ እሱ ግን ቱቦውን ከመንፋቱ በፊት ከመጋረጃው ወዲያ፣ «ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ ለማንኛውም ይቅርታ» አለ። ዳሶም ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። ሦስት ሰጠችው። አፉ ደርቋል፣ ምላሱን አያጸዳም፤ ከዚያ በላይ ነገር የለበትም። በስድስተኛው ሳምንት ወደ አንድ ወረደ፤ ሙከራውም አለቀ። ዳሶም በማግስቱ አሥራ ስምንት ቁጥርን እያሸተተች የማታውቀው ሰው ናፈቃት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ አጠገቧ የቆመ ረዘም ያለ ሰው፣ «ይቅርታ፣ ሰባት ቁጥር አልፏል እንዴ?» አላት። ድምፁን ሰማች፤ ትንፋሹም ደረሳት። አሥራ ሰባት ቁጥር ነው።

«አላለፈም» አለችው። «እርስዎም ወደ መሀል ከተማ ነዎት?»

«አዎ። እዚህ ማዶ የመኪና መንዳት ማሠልጠኛ ነው የምሠራው። አስተማሪ ነኝ።»

«የመኪና አስተማሪ አውቶቡስ ይጠብቃል?»

«ተማሪዎቼ ሲነዱ ካየሁ ወዲህ መኪና እፈራለሁ።»

ሙንጊል ይባላል። አውቶቡሱ ውስጥ፣ ተማሪዎቹ እየወረዱ ማስቲካ ትተውለት ይሄዱ እንደነበር በሳቅ አወራት። «እኔ ሞኙ ስጦታ መስሎኝ እያመሰገንኩ እቀበል ነበር። በዚያ በረዶ መስኮት ሲከፍቱ ነው የገባኝ። ቀኑን ሙሉ በተዘጋ መኪና ስለፈልፍ ውዬ አፌ ደርቆ ነው ለካ። እርስዎስ የት ነው የሚሠሩት?»

ዳሶም እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሙከራው አልቋል፤ የሚከለክላት ሕግ የለም። ግን የትኛው ወንድ ነው የአፉን ክርፋት በነጥብ የመዘገበችበትን ሴት ዓይኗን ማየት የሚችለው? «ማስቲካ ፋብሪካው ማሸጊያ ክፍል ነኝ» አለችው።

ውሸቷ ትንሽ ነበረች። ያን ቀን እንደዚያ ነበር የመሰላት።

ሌላም ነገር ነገራት። አገሩ ደቡብ፣ ዮንግሳንፖ ነው፤ እናቱ የቦካ ዓሣ ትሸጣለች። ያ ጠፍጣፋ ዓሣ በጭድ ተቀብሮ እስኪቦካ የሚቆይ፣ ሲበሉት እንደ ሽንት ቤት አፍንጫ የሚሰነጥቅ ነው። ደቡቦች ለክብር እንግዳ ያቀርቡታል፤ ሌላው ሰው በስሙ ይሰድባቸዋል። «ወታደር ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ በስሜ የጠራኝ የለም» አለ ሙንጊል። «በዓሣው ስም ነበር የሚጠሩኝ።» ይኼን ሲል ግን አልሳቀም። ዳሶም ይህንን ሰው ስለ ሽታ አንዲት ቃል ተናግራ ላታስከፋው ለራሷ ማለች።

ጥቅምትን አብረው በእግራቸው ጨረሱት። ሰባት ቁጥር ሲመጣ እያሳለፉ፣ የሚቀጥለውን እንጠብቅ እያሉ፣ እሱንም እያሳለፉ። አንድ ቀን የወንዙ ድልድይ ላይ ቆሞ ተቆጣት።

«እስከ መቼ ነው ‹እርስዎ› የምትዪኝ?»

«ታዲያ ምን ልበልዎት?»

«ወንድም ጋሼ በይኛ! የሰው እጮኛ እንዴት ነው የሚጠራው?»

«እጮኛ ነን እንዴ?»

አያት። እሷም አየችው። ከዚያ ዳሶም በቀስታ፣ በአገሩ ሴት የወደደችውን እንደምትጠራው፣ «ወንድም ጋሼ» አለች። የመጀመሪያው መሳም እዚያው ድልድዩ ላይ ነበር። ስንት ነጥብ እንደምትሰጥ ማሰብ እንኳ ረሳች።

በኅዳር መጨረሻ፣ ሲስማት፣ የእትዬ ቼ የመጨረሻው ጠርሙስ ሽታ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ።

ደነገጠች። ወዲያው ግን ከሦስት ቀን በፊት ከአውቶቡስ ጣቢያ አንድ የታሸገ ሣጥን ተሸክሞ ሲመጣ እንዳየችው ትዝ አላት። «ከእናቴ ነው» ብሏት ነበር። ዓሣው ነው፣ አለች በሆዷ። ብርዱ ሲገባ ያን ዓሣ የማይበላ የዮንግሳንፖ ልጅ የት አለ? እፎይ አለች። በማግስቱ ከፋብሪካው አንድ ቆርቆሮ ስኳር አልባ ማስቲካ አምጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ተማሪዎቹ ሲሰጡኝ አፍር ነበር» አለ እየሳቀ። «አንቺ ስትሰጪኝ ግን ደስ ይለኛል። ለምን ይሆን?»

ማስቲካው ሥራውን በደንብ ሠራ። ሙንጊል ቀኑን ሙሉ እያኘከ ዋለ፤ በዚያ ብርድ መስኮት የሚከፍት ተማሪ ጠፋ። ምናልባት አንዱ ባልደረባ፣ «ወንድሜ፣ አፍህ ምን ሆኗል?» ይለው ነበር፤ የሚለውን አፍ ሁሉ ማስቲካው ዘጋው። ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ሥር ማበጥ ጀመረ። ጫማው ጠበበው። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል። ዳሶምም ሥራ በዝቶበት ነው ትላለች። አንዳንድ ቀን እትዬ ቼን ልጠይቅ ትልና፣ ያኔ ከአሥራ ሰባት ቁጥር ጋር መያያዟም ውሸቷም ይወጣል ብላ ትተወዋለች።

እንዲህ ሆኖ በየካቲት የጨረቃው አዲስ ዓመት ደረሰ። ሙንጊል ለምሳ ወላጆቿ ቤት ተጠራ። ጥልቅ ብሎ እጅ ነሳ፣ የእናቷን ሾርባ አመሰገነ፣ ለአባቷ መጠጥ በሁለት እጁ ቀዳ። አባቷ ልጁን ስለወደደው ተነሥቶ ከጓዳ አንድ ሳህን በኩራት ይዞ መጣ። ሽታው ቤቱን ሞላው።

«የአገርህን ዓሣ ነው! ሦስት ገበያ ዞሬ ነው ያገኘሁት። ብላ ልጄ፣ እንግዳ አትሁን!»

ሙንጊል ፊቱ ቀላ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፤ ደክመውልኛል። ግን እኔ ይህን ዓሣ በልጅነቴ አንድ ጊዜ አሞኝ ካቆምኩ ሃያ ዓመቴ ነው። እናቴ የምትልከውን እንኳ ሳልከፍተው ለአከራዬ ነው የምሰጠው።»

አባቷ ከት ብሎ ሳቀ። «የዮንግሳንፖ ሰው ሆነህ?» እናቷም ሳቀች። ዳሶም ግን ቾፕስቲኳ ከእጇ ወደቀ። ሃያ ዓመት! እንግዲያስ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ፣ ታኅሣሥን ሙሉ፣ ጥርን ሙሉ የሸተታት ምንድን ነበር?

እጁን ይዛ በረንዳ ላይ አወጣችው። መሬቱ በረዶ ነበር፤ ፀሐዩ ግን ያንጸባርቃል። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረችው፤ መጋረጃውን፣ ቱቦውን፣ አሥራ ሰባት ቁጥርን።

«አንቺ ነበርሽ?» አለ። «ስንት ሰጠሽኝ?»

«መጀመሪያ ሦስት። በኋላ አንድ።»

ሊስቅ ምንም አልቀረውም። «ምነው በነገርሽኝ! እስቅ ነበር እኮ።»

«ሌላም አለ ወንድም ጋሼ። አሁን የምትሸተው የኩላሊት ነው። ነገ ሳይሆን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ሳቁ ከፊቱ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሸተተሽ?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። «ከኅዳር» አለች።

«ሦስት ወር? ሦስት ወር ሙሉ እያሸተትሽ ማስቲካ ታጎርሺኝ ነበር?»

«ዓሣው መስሎኝ ነው! ስለ ዓሣው ካነሣሁ እንደ እነዚያ ወታደሮች የሰደብኩህ ይመስልሃል ብዬ… እንዳታፍር ብዬ እኮ ነው።»

ሙንጊል ዓይኑን ወደ በረዶው መለሰ። «ባፍር አንድ ቀን ነበር የማፍረው ዳሶም» አለ። «ቢበዛ ሁለት ቀን።»

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ቃል መምረጥ አልለመደም። በፍጥነት የሚገድል የኩላሊት ሕመም ነው፣ አለ፤ በኅዳር ቢመጣ በመድኃኒት ሊቆም ይችል ነበር፤ አሁን ሁለቱም ኩላሊቶች ሞተዋል። ሙንጊል በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ጀመረ። እጥበቱ ጉልበቱን ስለጨረሰው ሥራውን ተወና ወደ አገሩ ወረደ። ዳሶም በየቀኑ ትጽፍለታለች። መልስ የለም።

በሚያዝያ ራሷ ሄደች። የእናቱ ሱቅ ጓሮ፣ ፀሐይ ላይ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ አገኘችው። ቆዳው ጠቁሯል፣ ክንዱ ላይ የእጥበቱ መርፌ ጠባሳ አብጧል። አጠገቡ ተንበረከከች።

«ደሜን አስመረመርኩ። ከአንተ ጋር ይሄዳል። አንዱን ኩላሊቴን ውሰድ።»

«አልወስድም።»

«ለምን? ስለ ምን ትሞታለህ?»

«አልሞትም፤ እህቴ ትሰጠኛለች።» ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «አንዲት ቃል ሰስተሽብኝ እንዴት ብዬ ኩላሊት እቀበልሻለሁ? ሆዴ ውስጥ ሆኖ ዕድሜ ልኬን ያችን ቃል ያስታውሰኛል።»

«ጠላኸኝ ማለት ነው።»

«ብጠላሽማ ይቀለኝ ነበር። ደህና ግቢ ዳሶም።»

እናቱ የዓሣ መሸጫ ሽርጧን ሳትፈታ እስከ አውቶቡስ ጣቢያው ሸኘቻት። መንገዱን ሙሉ ክንዷን አልለቀቀችም። ጣቢያው ሲደርሱ የዳሶምን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

«የኔ ልጅ፣ ሙንጊል ሁሉን ነግሮኛል።»

ዳሶም እጇን ለማስለቀቅ ሞከረች። «እማማ፣ እኔ…»

«‹ያወቀችው እሷ ናት እማዬ› አለኝ። ‹ልክ እንደሸተታት በዚያው ቀን ነገረችኝ፤ ጎትታ ሐኪም ቤት የወሰደችኝ እሷ ናት› አለኝ። ሐኪሙም ሳምንት ቢቆይ ልቡ ቀጥ ይል ነበር ብሎኛል። ልጄን አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ። ውለታሽን በምን እከፍላለሁ?»

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሣ። ዳሶም እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ይህች ሴት እንዳትረግማት ሲል የዋሸላት ሙንጊል ራሱ መሆኑን አሰበች። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ምስጋናውን ተቀብላ አውቶቡሱ ላይ ወጣች።