ሳይታይ የተፈረመበት ቦታ

ሰላሁን ልደታ አካባቢ ባለ አንድ የግንባታና የአካባቢ ፈቃድ ቢሮ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቷል። ፋይል አይጠፋበትም፣ ባለጉዳይ አያመላልስም። ጠዋት ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ወርዶ በእግሩ ቢሮ ሲደርስ፣ ወረፋ የያዙት ሰዎች «እሱ ከመጣ አለቀልን» ይባባላሉ። በዚህ ስሙ ይኮራል። ኩራቱ ግን ቀስ በቀስ አንድ ክፉ ልማድ አምጥቶበታል፤ ከእንግዲህ የሚማረው ነገር ያለ አይመስለውም።

በመጋቢት ወር ለባለሙያዎቹ የአሥር ቀን ሥልጠና ተዘጋጀ። ስለ መሬት አጠቃቀም ዕቅድ፣ ስለ ከተማ ዕድገት፣ ስለ አካባቢ ፈቃድ አሰጣጥ ነበር። ሰላሁን በየማለዳው ይመጣል፣ ስሙ ፊት ይፈርማል፤ ከሻይ እረፍት በኋላ ግን ወንበሩ ባዶ ነው። በስምንተኛው ቀን ሠልጣኞቹ ጌጃ ሰፈር ወርደው የጎርፍ መውረጃዎቹን በእግራቸው ሊከተሉ ሲነሱ፣ የቢሮ ባልደረባው ሴና በር ላይ ያዘችው። ሴና ሥራ ከጀመረች ገና ሦስት ዓመቷ ነው።

«ጋሽ ሰላሁን፣ ዛሬ እንኳ አይቅሩ። ውሃው ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ በዓይናችን ልናይ ነው።»

«ጌጃ ሰፈርን አሠልጣኙ ለእኔ ሊያሳየኝ? አንቺ ሳትወለጂ የማውቀው ሰፈር እኮ ነው!»

«ሰፈሩን ያውቁታል፤ የውሃውን መንገድ ግን...»

«ሴናዬ፣ የመጣነው ለሠርተፊኬቱ ነው። እሱን ደግሞ በመጨረሻው ቀን ይሰጡናል» አለና እየሳቀ ሄደ።

እውነትም ሰጡት።

በግንቦት ወር ፈሀድ የሚባል ወጣት ጌጃ ሰፈር ውስጥ ላቫጆ ለመክፈት ማመልከቻ አስገባ። መኪና የሚታጠብበት ቦታ በፕላኑ ላይ ባዶ ሜዳ ነው። ፈሀድ «ቦታውን መጥታችሁ የምታዩት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ምን ያስፈልጋል? ፕላኑ ጥርት ያለ ነው» አለው ሰላሁን። በቅጹ ላይ «ቦታው ታይቷል» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተም አስመታ። ሁሉም ነገር በግማሽ ቀን አለቀ። ፈሀድ መርቆት ወጣ።

ያ ባዶ ሜዳ ግን ከላይ ካሉት ቤቶች የሚወርደው የክረምት ውሃ የሚያልፍበት ነበር። በዳርቻው ሣርና ቆሻሻ የሸፈነው አሮጌ ቦይ አለ፤ ፕላኑ ላይ አልተሳለም። ፈሀድ ይህን ከየት ይወቅ? ቦታውን በገረጋንቲ ሞላው፣ ቦዩን ደፈነው፣ ከላይ ኮንክሪት አለበሰው። ሥራውም ደመቀለት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከባድ ዝናብ ጣለ። መሄጃ ያጣው ውሃ ወደ ጎን ዞረና ከላቫጆው በታች ያለው የዘሀራ ቤት ገባ። ዘሀራ ልብስ ሰፊ ናት። በዚያ ሰሞን ለመስከረም የታዘዘ ስልሳ የተማሪ ዩኒፎርም ይዛ ነበር። መጀመሪያ ልብሱን ልታተርፍ ተሯሯጠች። ወዲያው ከጓዳ የአማቷ የአባባ በከር ድምፅ ተሰማት። እግራቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ውሃው ፍራሻቸውን ነክቷል። ዘሀራ ኡኡ አለች። ጎረቤት በሩን ገፍቶ ገባና ሽማግሌውን ከነብርድ ልብሳቸው ተሸክሞ አወጣ። ከተሸከሟቸው ሰዎች አንዱ ራሱ ፈሀድ ነበር። አባባ በከር በሕይወት ተረፉ፤ ነገር ግን ብርዱ ሳንባቸው ገብቶ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኙ። ዩኒፎርሙ በጭቃና በመኪና ዘይት ጠቆረ።

ሰኞ ዕለት የዘሀራ አቤቱታ ቢሮ ደረሰ። ሰላሁን ሴናን አስከትሎ ሄደ። ዘሀራ ደጃፏ ላይ እርጥብ ጨርቅ ትጨምቅ ነበር።

«ፈቃዱ ላይ ቦታው ታይቷል የሚል አለበት አሉ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ማን ነው ያየው? እኔ ቀኑን ሙሉ እዚሁ በር ላይ ነው የምሰፋው። አንድም ሰው ሲመጣ አላየሁም።»

ፈሀድ ከሰላሁን ጎን ቆሟል።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የምታዩት ብዬ ጠይቄዎት ነበር እኮ። ቦይ አለ ብትሉኝ አልደፍነውም ነበር። እኔ የማውቀው መኪና ማጠብ ነው። እናንተ ዘንድ የመጣሁት ሌላውን ታውቃላችሁ ብዬ ነው።»

ሴና ወደ ኮንክሪቱ ዳር ሄዳ ቆመች። ቀስ ብላ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «በሥልጠናው ጊዜ እዚህ ጋ ቆመን ነበር። አሠልጣኙ፣ ይህ ቢዘጋ ውሃው የት ይሄዳል ብሎ ጠየቀን» አለችው። «ሁላችንም በጣታችን የጠቆምነው ያንን ቤት ነበር።»

ሰላሁን ቤቱን አየ። ለካ እሱ በቀረበት በዚያ ጠዋት ይህ ሁሉ አስቀድሞ ታውቆ ነበር!

ወደ ቢሮ ሲመለስ ኃላፊው አቶ ኢታና ጠሩት። «ከአቅም በላይ የሆነ ዝናብ ነው ብለህ መልስ ጻፍ። ዝናቡን ሁሉም አይቶታል። የአሥራ ስምንት ዓመት ስምህ በአንድ ፋይል አይበላሽ።»

ሰላሁን ተቀመጠ፣ ጻፈ። ያመጣላቸው ወረቀት ግን እንዲህ ይላል፦ «ቦታው ሳይታይ ታይቷል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ኢታና ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይህን ካስገባህ ከመፈረም ትታገዳለህ።»

«ልታገድ። ሳላይ የምፈርም ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ ልማር።»

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ለስድስት ወርም ፈቃድ ላይ እንዳይፈርም ታገደ። አላኮረፈም። ምሳ ሰዓት ላይ ወንበሩን ወደ ሴና ጠረጴዛ እየሳበ ካርታ ማንበብ ተማረ፤ የቁልቁለቱን መስመሮች፣ ውሃ የሚሰበሰብበትን፣ ለምን አንዱ ቦታ ለመኖሪያ ሌላው ለሥራ እንደሚመደብ። ካርታው ላይ ያየውን ደግሞ እየሄደ በእግሩ ያረጋግጣል። ለፈሀድ ፈቃዱን ከማገድ ይልቅ ሌላ መንገድ እንዲፈለግ ተከራከረ። በሴና ንድፍ መሠረት ቦዩ እንደገና ተከፈተ፣ ዘይቱ ተለይቶ የሚቀርበት ጉድጓድ ተሠራ፣ የኮንክሪቱም ተዳፋት ወደ ቦዩ ዞረ። ፈሀድ ሳያንገራግር ሠራው፤ ጎረቤቶቹም አካፋ ይዘው ወጡ። ለዘሀራ ሰላሁንና ፈሀድ ተጋግዘው አዲስ ጨርቅ አመጡላት፤ ዩኒፎርሙ ትምህርት ሳይጀመር ደረሰ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከሐምሌው የባሰ ዝናብ ዘነበ። ሰላሁን እየበሰበሰ ቦዩ አጠገብ ቆመ። ውሃው እየተገማሸረ በቦዩ ወረደ፣ አለፈ። ዘሀራ በሯን ከፍታ ትሰፋለች፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። እፎይ አለ።

ወገኖቼ፣ ከሥልጠና ወንበር ላይ መቅረት ማንንም የማይጎዳ ቀላል ነገር ይመስለናል። ባለሙያው ያልተማረውን ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይከፍለዋል፤ ያ ሰው ደግሞ የሥልጠናው አዳራሽ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም።

እግዱ በተነሳ ሳምንት አቶ ኢዶሳ የሚባሉ ሰው ልደታ ማርያም አጠገብ የእንጨት ሥራ ቤት ለመክፈት ፋይላቸውን ይዘው መጡ። ሰላሁን አንብቦ ሲጨርስ ተነሳና ጃኬቱን ለበሰ።

«ምነው፣ የጎደለ ነገር አለ?» አሉ አቶ ኢዶሳ ቅር ብሏቸው። «ሁሉም ወረቀቱ ላይ ተሟልቷል እኮ።»

«ተሟልቷል። ከቦታው በታች ማን እንደሚኖር ግን አይናገርም። ይምጡ፣ አብረን እንየው።»

ቦታው ሲደርሱ ሜትሩን አውጥቶ ከመለካቱ በፊት፣ ሰላሁን ቁልቁል ወርዶ የመጀመሪያውን ቤት በር አንኳኳ።