አራተኛው ቀዳዳ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ የስፌት መኪናዬን እያሞቀችው ነበር። ጨለማ የለም፣ ዝናብ የለም፣ መብራት አልጠፋም... እንዲህ ዓይነት ነገር በጠራራ ፀሐይ ይመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የወንዶች ሸሚዝና ኮት ነው የምሰፋው። ባለቤቴ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ወፍራም አንገት፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው። ላሞግሰው ብዬ አይደለም፤ ልኩን በቃሌ ስለማውቀው ነው። አንገት 41፣ የእጅ አንጓ 18። በትዳር በኖርንበት አሥራ አንድ ዓመት ንቅንቅ አላለም።

አንድ ድክመት ግን ነበረው። አሮጌ ሰዓት ሲያይ ልቡ ይሸፍታል።

ያገኘውን ሁሉ አይደለም። የዛሬ ስልሳ ሰባ ዓመት ወንዶች ከሙሉ ልብስ ጋር ያስሯቸው የነበሩትን፣ እነዚያን ቀጫጭኖቹን ነው። ባትሪ የላቸው፣ በጨለማ አያበሩ፣ ቀን አይቆጥሩ።

አንድ ቅዳሜ እጁን ከኋላው ደብቆ መጣ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«ደግሞ ምን ገዛህ?»

ዓይኔን ስገልጥ... እውነቱን ልናገር፣ ታምራለች። ስስ የወርቅ ጠርዝ፣ ወደ ቢጫ የሄደ ነጭ ፊት፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ ሁለት ዘንጎች። ቁጥር እንኳ የላትም፤ ጭረት ብቻ።

«ስልክህ ላይ ሰዓት አለ አይደል?» አልኩት ልነካካው ብዬ።

«ስልኬ ሰዓቱን ይነግረኛል» አለ እየሞላት። «ይቺ ግን በየጠዋቱ ትፈልገኛለች። ካልሞላኋት ትቆማለች። ደግሞ እዩኝ እዩኝ አትልም፣ እጅጌ ሥር ተደብቃ ትውላለች። እንዳንቺ ጨዋ ናት፣ መርፌዬ።»

መርፌዬ ነበር የሚለኝ።

የቆዳ ማሰሪያዋ በመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ በግድ ደረሰለት። አራተኛው ቀዳዳ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ሰፍቶ ተለጥጧል።

«የድሮው ጌታዋ ቀጭን ሰው ነበር» ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። ሦስት አዳዲስ ሸሚዞችም ሰፋሁለት። የግራውን እጅጌ ጫፍ በግማሽ ሴንቲ ሜትር አሰፋሁት፤ ሰዓት ለሚያስር ሰው እንደዚያ ነው የምንሰፋው።

ወር ሳይሞላ ማሰሪያው ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ሆኖ አየሁት።

«ከሳህ እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም።»

ሚዛን ላይ ቆመ። 82 ኪሎ። የድሮው ኪሎው ነው።

ሜትሬን አመጣሁ። ቀኝ አንጓ፣ 18። ግራ አንጓ...

17።

እጄ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። 17።

በሳምንቱ ቀኙም 17 ሆነ። ቀጥሎ አንገቱ 39። ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ መርምሮ መርምሮ «ጤነኛ ሰው ይዘሽብኝ መጣሽ» አለኝ። ሚዛኑ አሁንም 82 ይላል።

ታዲያ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? የማውቀውን ሥራ። ልብሱን አጠበብኩለት። አንገቱ ሲቀጥን ኮሌታውን፣ ትከሻው ሲጠብ ኮቱን... ባሌ ተማሪዎቹ ፊት የተውሶ ልብስ የለበሰ መስሎ እንዳይቆም ብዬ። ዛሬ ሳስበው እጄን ቁረጪው ቁረጪው ይለኛል።

ከዚያ የቀኝ ትከሻው መውረድ ጀመረ።

«ቀጥ ብለህ ቁም» አልኩት መስታወት ፊት።

«ቀጥ ብያለሁ እኮ።»

እውነትም ቀጥ ብሎ ነበር። ትከሻው ግን በሁለት ጣት ዝቅ ብሏል። ያኔ ነው የገባኝ። ባሌ ዓይኔ እያየ በጥቂት በጥቂቱ እያለቀብኝ ነበር።

«ሰዓቷን አውልቃት» አልኩት። «ለአንድ ቀን ብቻ።»

በሹክሹክታ መለሰልኝ።

«ትቆማለች።»

«ትቁም።»

እጅጌውን ሳብ አድርጎ ሸፈናት።

በማግስቱ አዲስ ኮት ስፊልኝ ብሎ በወረቀት የተጻፈ ልክ ሰጠኝ። አንገት 37። አንጓ 15። የቀኝ ትከሻ፣ በሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ።

«ማነው የለካህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ይሄ የማን ልክ ነው?»

«የኔ ነዋ» አለ፣ የጠየቅሁት ነገር ገርሞት።

ማሰሪያው ገና ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ነበር። አንጓው 16። ሰፋሁለት። ለብሶት አልገባ ሲለው ወደ ልቡ ይመለሳል ብዬ ነው የሰፋሁት።

ማክሰኞ ኮቱን መስቀያ ላይ ትቼ ሰዓቷን ወደ ሸጡለት ሰዓት ሠሪ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው። የማን ሚስት እንደሆንኩ ስነግራቸው የዓይን መነጽራቸውን አወለቁ።

«የትኛው ቀዳዳ ላይ ደርሷል?»

ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

«ሦስተኛው» አልኩ።

«ማሰሪያውን የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። አዲስ ነበር። በሳምንቱ መሳቢያዬን ስከፍት አራተኛው ቀዳዳ ተለጥጦ አገኘሁት። ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ሦስቱም ጊዜ... አራተኛው።»

«ከባሌ በፊት ማን ነበር የገዛት?»

«ሦስት ሰዎች። አንዱ ግዙፍ ነበር፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ገና ወጣት። ሊያሳድሷት ሲመጡ ግን...» የቀኝ ትከሻቸውን ዝቅ አድርገው አሳዩኝ። «ማንኛው ማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ሰዓቷን ብቻ አንድ ቀን ጠዋት መሳቢያዬ ውስጥ አገኛታለሁ።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን ሸጡለት?»

አንገታቸውን ደፉ።

«አንቺስ አላየሻትም? ታምራለች እኮ። አንዴ ያያት ሰው እምቢ ቢሉትም አይሰማም።»

«አሁን ምን ላድርግ?»

«አራተኛው ላይ ሳይደርስ አውልቂለት። ዛሬውኑ።»

በሩጫ ተመለስኩ። የመንገዱ ሰው ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ሮጥኩ።

የስፌት ቤቴ በር ገርበብ ብሏል። የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ከሩብ ይላል።

መስታወቱ ፊት ቆሟል። ጀርባውን ሰጥቶኛል። ኮቱን ለብሶታል...

ልክ ነው።

አንገቱ ላይ ክፍተት የለም። ትከሻው ላይ እጥፋት የለም። በሕይወቴ ብዙ ኮት ሰፍቻለሁ፤ እንደዚያ ልክክ ያለልኝ ግን አንድም የለም።

ሄጄ የግራ እጁን ያዝኩት። እጅጌውን ገለጥኩ።

አራተኛው።

ማሰሪያውን ፈታሁት። ከሥሩ ያለው ቆዳ ነጭ ሆኗል። ከሁለት ወር በፊት የታሰረ ሳይሆን ዕድሜ ልኩን ፀሐይ ያልነካው ይመስላል። ሰዓቷ መዳፌ ላይ ሆና ትሄዳለች።

«በቃ» አልኩት እያለቀስኩ። «በቃ፣ ወለቀች። ና ወደ ቤታችን እንሂድ።»

ዞሮ አየኝ። ዓይኖቹ የእሱ ናቸው። አስተያየቱ ግን... ትሁት ነበር። ሰው የማያውቀው ሰው ሲያለቅስ እንደሚያየው።

«ይቅርታ፣ እመቤት» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «በጣም ጥሩ ሠርተውታል። ባለቤቴ ደጅ እየጠበቀችኝ ነው።»

ሰዓቷን ከመዳፌ ላይ በቀስታ አነሳት። ሳያያት አሰራት። ጣቱ አራተኛውን ቀዳዳ አልፈለገውም፤ ያውቀዋል።

ወጣ። ስሙን ጠራሁት። ደግሜ ጠራሁት። ዞር አላለም። ወደ መስኮቱ ሮጥኩ።

በመስኮቱ ተመለከትኩ።

መንገዱ ዳር አንዲት ሴት ቆማለች። አይቻት አላውቅም። የቀሚሷን ቅድ የማውቀው ከአሮጌ የስፌት መጽሐፍ ላይ ነው፤ ዛሬ ማንም አይሰፋውም። ስፌቱ ግን ትኩስ ነው። ከጫፉ ላይ ያልተቆረጠ ክር ተንጠልጥሏል።

ክንዱን ሰጣት። እሷ ግን ቶሎ አልያዘችውም። መጀመሪያ ትከሻውን በመዳፏ ዳበሰች። ኮሌታውን አቃናች። ከዚያ የግራ እጅጌውን ጫፍ በሁለት ጣቶቿ ይዛ ስፋቱን አየች።

ቀና ብላ በመስኮቱ በኩል እኔን ተመለከተችኝ። ልብስ እንዲጠብለት ሰጥቶ፣ እንደፈለገው ሆኖለት እንደሚረከብ ደንበኛ... አንገቷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነችኝ።