ያዘዘው ራሱ ይምጣ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ የተዘረጋው ጫካ ዝናቡን ገና አልጨረሰም ነበር። በሌላው አገር ጥቅምት ሰማይ የሚጠራበት ወር ነው፤ በዚያ ግን ደመናው ከሸኮ ተራራ ወርዶ በዛፎቹ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ይውላል፤ ቡናውም ከሥር ሆኖ በጭጋግ ውስጥ ይቀላል። በዚያ ዓመት ደግሞ በጭጋጉ ላይ ሌላ ጭጋግ ተጨምሮ ነበር፤ የቀድሞው መንግሥት በግንቦት ወድቆ፣ አዲሱ ገና እግሩን ሳይተክል፣ የተበተነው ጦር መሣሪያውን በየጓሮውና በየገደሉ ቀብሮታል እየተባለ ይወራ ስለ ነበር፣ ሰው በሩን በጊዜ ይዘጋል፤ ከጫካው የተኩስ ድምፅ ቢሰማ ማን ተኮሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልጆቼ፣ ሰው መጠየቅ ያቆመበት አገር ያስፈራል።

በዚያ ዘመን በቴፒ ከተማ ዙሌይካ የምትባል ሴት ነበረች፤ ከጅማ በሙሽርነት መጥታ የቀረች፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ምላሷ ግን የማያጥር። ባሏ አሚኑ ጨውና ሳሙና ሲቸረችር ኖሮ፣ የቡና ንግድ ለግል ነጋዴ ሊለቀቅ ነው የሚለውን ወሬ ሲሰማ፣ ከፈረሰ የገበሬ ማኅበር ንብረት አንድ በእጅ የሚዞር የእሸት ቡና መፈልፈያ ገዛ። የመፈልፈያው ነፍስ ከበሮው ነው፤ ከበሮው ደግሞ ጉጥ ጉጥ ተደርጎ የተበሳሳ የመዳብ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ እሸቱን ከቀይ ቅርፊቱ የሚያላቅቀው ያ መዳብ ነው። የአገሩ ሰው «ልብስ» ይለዋል። የአሚኑ መፈልፈያ ልብሱ አልቆ፣ እሸቱን ከመፈልፈል ይልቅ የሚጨፈልቅ ሆኖ ተገኘ።

ልብስ የሚሠራ ደግሞ በዚያ አገር አንድ ሰው ብቻ ነበር። ግራዝማች ታፈሰ ሥራቸው ከሚዛን ገበያ በታች፣ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ነው። ሙያውን በወጣትነታቸው ከአንድ ግሪካዊ ቡና ተካይ መካኒክ ቀስመው፣ ለአውራጃው ገዥ ያማረ መፈልፈያ ስለ ሠሩ በንጉሡ ዘመን ማዕረግ ያገኙ ናቸው፤ «ግራዝማች መዶሻ ሲይዝ የት ታየ?» እያለ የሚያማቸው አልጠፋም፤ እሳቸው ግን ማዕረጉንም መዶሻውንም አልጣሉም። ከማጂ እስከ ማሻ ያለው መፈልፈያ ሁሉ እሳቸው ያለበሱት ነበር።

ደንባቸው ግን ሰውን ያስመርራል። ትእዛዝ የሚቀበሉት ቅዳሜ ጧት ብቻ ነው፤ አሮጌውን ልብስ ገፍፎ ያላመጣ ልኩን በቃል ነግሮ ማዘዝ አይችልም፤ መቼ ይደርሳል ላላቸው «ሲደርስ ይደርሳል» ነው መልሳቸው፤ ደረሰኝ የለ፣ መልእክት የለ፣ የደንበኛው ስም እንኳ አይጻፍም። አሮጌውን ልብስ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉና የባለቤቱን ፊት ትክ ብለው አይተው ያሰናብቱታል፤ ሥራው ሲያልቅም የሚያስረክቡት ለዚያው ፊት ብቻ ነው። ወንድም ቢመጣ፣ ልጅ ቢመጣ፣ «ያዘዘው ራሱ ይምጣ» ይሉታል።

አሚኑ በሐምሌ አዝዞ፣ በነሐሴም በመስከረምም እየሄደ ባዶ እጁን ተመለሰ። በጥቅምት እሸቱ መድረስ ሲጀምር እሱን ወባ ጣለው። ቡናውን በጀንፈሉ፣ ከነቅርፊቱ፣ እናድርቀው እንዳይባል ፀሐይ የለም፤ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ሁሉ እየሻገተ ጠቆረ። ስለዚህ ዙሌይካ ነጠላዋን ተከናንባ፣ የባስልኤል ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ወጥታ ወደ ሚዛን ሄደች።

ባስልኤል ያን መንገድ ሲመላለስ ያረጀ ሾፌር ነው። የምትሄድበትን ነገር ሲሰማ ሳቀ።

«እህቴ፣ ግራዝማችን አታውቂያቸውም። ሞት ራሱ ቢመጣባቸው ‹ያዘዘህ ራሱ ይምጣ› ብለው ነው የሚመልሱት!»

ዙሌይካም ሳቀች። ወዲያው ግን ጫካው መሐል፣ መንገዱ በሚጠመዘዝበት፣ ግንድ ተጋድሞ አዲስ ኬላ ቆሞ አገኙ። ጠመንጃ ያነገቱ ወጣቶች ጭነቱን በሳንጃ እየወጉ ፈተሹ። ባስልኤል ግንዱ እስኪነሳ ድረስ ዓይኑን ከመሪው አላነሳም፤ ካለፉ በኋላም ሳቁ አልተመለሰለትም።

ግራዝማች ታፈሰ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መዳብ ሲደበድቡ ደረሰች።

«እንደምን አደሩ ግራዝማች። የአሚኑ ባለቤት ነኝ፣ ከቴፒ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አሚኑ የትኛው ነው?»

«በሐምሌ ያዘዘው። ረጅሙ፣ ጥርሰ ፍንጭቱ።»

ሽማግሌው ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ፍንጭቱ። አዎን፣ ደርሶለታል።» ልብሱ ተጠቅልሎ፣ በልጥ ታስሮ፣ ከእጇ አንድ ክንድ በማይርቅ ምስማር ላይ ያበራል።

«አልሐምዱሊላህ! በሉ ይስጡኝ፣ መኪናው ሳይመለስ።»

«ያዘዘው ራሱ ይምጣ።»

«ታሟል እኮ ነው የምልዎ! ወባ ጥሎት ቀና ማለት አቅቶታል።»

«እግዜር ይማረው። ሲሻለው ይምጣ።»

«እሸቱስ እስኪሻለው ይጠብቃል? በየኬሻው እየሞቀ እየሸተተ ነው!»

«ልጄ፣ ቡና በየዓመቱ ይቀላል።»

«እኛስ በየዓመቱ እንኖራለን?» አለች ዙሌይካ፤ ድምፅዋ ዳሱን ሞላው። «እሺ፣ ሥራው የአሚኑ ነው ብለው በቁራጭ ወረቀት ይጻፉልኝ፤ ነገ ለሚመጣ ሰው እንኳ መያዣ ይሁነው።»

«ከዚህ ቤት ወረቀት አይወጣም።»

«ሰው እንዲህ እያንገላቱ ነው የሚነግዱት? አገር ተለውጧል ግራዝማች! እንዲህ ከሆነ ማን ይመጣልዎታል?»

«ሌላ ሠሪ ካለ ሂጂበት» አሉ፤ የቁጣ ቃል አልነበረም። ሌላ ሠሪ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። መዶሻውን አንስተው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ዙሌይካም እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ በሆዷ የማይደገም ነገር እየረገመች ወጣች።

አሚኑ የሆነውን ሲሰማ ከመደቡ ላይ ተነሣ።

«ምን ልትሆን ነው የምትነሣው?» አለችው። «ይቅር በቃ፤ ይበስብስ።»

«ለመፈልፈያው ገንዘብ ያበደረን ሰው ይቅር ይለናል? ደግሞ መኪና ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምሄደው፤ አልሮጥ።»

«መንገዱ አላማረኝም፣ አሚኑ። ኬላ አቁመዋል።»

«ኬላ ሌባን እንጂ ነጋዴን ምን ያደርገዋል?» ብሎ ጋቢውን ተከናነበ። ሲወጣ ወገቡ እንደ ሽማግሌ ጎብጦ ነበር፤ ዙሌይካ በሩ ላይ ቆማ ጭጋጉ እስኪውጠው አየችው፤ ከጠፋም በኋላ ብዙ ቆመች።

ግራዝማች ፊቱን አይተው፣ አንድ ቃል ሳይጨምሩ ልብሱን አስረከቡት። በመልስ ጉዞ ኬላው ላይ ፈታሾቹ ኬሻውን ሲገልጡ የተጠቀለለውን መዳብ አገኙ። ክብ ነው፤ ረዘም ያለ ነው፤ ዙሪያውን ተበሳስቷል። በጦር ሜዳ ያደገ ልጅ ይህን ሲያይ የመትረየስ አፈሙዝ ሽፋን እንጂ ሌላ ምን ይመስለዋል?

«ይህ ምንድን ነው?»

«የቡና መፈልፈያ ልብስ ነው ጌታዬ። የከበሮ።»

«የት ተሠራ?»

«ሚዛን። ግራዝማች ታፈሰ ዘንድ።»

«ደረሰኝ?»

«እሳቸው ደረሰኝ አይሰጡም።»

ጠያቂው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ሳቀ። «ደረሰኝ የማይሰጥ ፋብሪካ! ባለቤቱም ግራዝማች! ና ውረድ አንተ ሰውዬ፤ ከምን የተነሣ ነው የምትንቀጠቀጠው?»

«ወባ ነው።»

«ወባ» አለ ልጁ፤ አላመነውም። ባስልኤል አፉን ሊከፍት ሲል የጠመንጃ አፈሙዝ ወደ መኪናው መራው፤ ነዳ። ለዙሌይካ ወሬውን ያደረሰላት እሱ ነው፤ ሲነግራትም ፊቷን ማየት አልቻለም።

በማግስቱ ዙሌይካ እንደ ገና ዳሱ በር ላይ ቆመች። ቅዳሜ አልነበረም።

«አሁንም ያዘዘው ይምጣ ይበሉኝ!» አለች። «ያዘዘው ታስሯል። ያንን ቆርቆሮዎን የመትረየስ ዕቃ ነው ብለው፣ በበሽታው ላይ አስረውታል። ያዘዘው መምጣት አልቻለም ግራዝማች፤ ሠሪው ይምጣ!»

ግራዝማች ታፈሰ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ለማንም ነግረውት የማያውቁትን ነገሯት።

«ድሮ እጽፍ ነበር፤ ስም፣ ቀበሌ፣ ልክ። በሰባ ዓመተ ምሕረት የያኔው መንግሥት ሰዎች መጡና ደብተሩን ወሰዱት፤ ይህ ብረት የሚሠራለት ሰው ሁሉ ለሽፍታ መሣሪያ የሚያሠራ ነው ብለው። ከዚያ በደብተሩ ተራ ከቤት ወደ ቤት ሄዱ። ሰዎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ እጄ ስም አልጻፈም፤ ለተላከ ሰውም ሰጥቼ አላውቅም፤ ማን ለማን እንደሚመላለስ ማንም እንዳያይ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው አሮጌ ካፖርታቸውን ከምስማር አውርደው ለበሱና ከፊት ከፊቷ ወጡ።

አሚኑ የታሰረበት ቤት ሹም ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ካጣ የቆየ ይመስላል፤ ክፉም አልነበረም። ወንበር ስቦ «አባት፣ ይቀመጡ» አላቸው። ነገሩን ከሰማ በኋላ ልብሱን በእጁ እያገላበጠ አሰበ።

«ይሁን፣ አምናለሁ እንበል። ይህን መሳይ ብረት በየጫካው ብዙ ነው ይሉናል። ለነማን ሠሩ? ስማቸውን ይንገሩኝ፤ እናጣራለን፤ ንጹሑ ይለቀቃል።»

«ስም አልይዝም።»

«እንዴት አይይዙም? ነጋዴ አይደሉም?»

«ፊት ነው የምይዘው።»

«እንግዲያስ ከልጆቹ ጋር በየቀበሌው እየዞሩ በፊት ያሳዩን።»

ዙሌይካ ከበሩ አጠገብ ቆማ ይህን ሰማች። አሚኑ ከማዶ፣ ከጭቃው ቤት ሲያቃስት ይሰማታል። ሽማግሌው እሺ ቢሉ ባሏ ዛሬ እጇ ላይ ነው። እሺ ይበሉት እያለች በልቧ ጮኸች፤ እሺ ይበሉ፣ የማንም ቤት ይንኳኳ። ልጆቼ፣ በዚያች ሰዓት እሷ ላይ የሚፈርድባት እሷን ሆኖ ያልቆመ ነው።

ግራዝማች ታፈሰ ግን ተነሥተው ካፖርታቸውን አስተካከሉ።

«ስማኝ ልጄ። ብረቱ ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የሠሪው ነው፤ የለባሹ አይደለም። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እዚህ ነኝ። ያ በሽተኛ ከሞተብህ ግን የሚጠየቅልህ የለም። እሱን ልቀቅና እኔን ያዝ። ሌላ ስም ግን ከእኔ አትጠብቅ።»

ሹሙ መዳቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በእስር ቤቱ ሰው እንዲሞትበት አልፈለገም፤ የተደበቀ መሣሪያ አለ ተብሎ ባዶ እጁን መመለስም አልቻለም። «ለማጣራት ያህል ነው፣ አባት» አለ፤ «ጥቂት ቀን።»

አሚኑ በሁለት ሰው ተደግፎ ወጣ። ግራዝማችን ወደ ጭነት መኪና ሲያወጧቸው ዙሌይካ ሮጣ ተጠጋች፤ የዳሱን ቁልፍ በመዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

«ግድግዳው ላይ ያለቁ ልብሶች አሉ። ባለቤቶቹ ሲመጡ ስጪያቸው።»

«ማንነታቸውን በምን አውቃለሁ ግራዝማች?»

«አትወቂ። ለመጣው ስጪ። ተልኬ ነው ቢልሽም ስጪ።»

መኪናው ወደ ጅማ አቅጣጫ ወጣ። ወዴት እንደ ወሰዳቸው ከዚያ በኋላ የነገረን የለም፤ የጠየቅነው ሁሉ ጉዳዩን የያዘው ሰው ተቀይሯል ነበር የሚለን።

የአሚኑ ልብስ በማስረጃነት እዚያው ቀረ፤ የዚያ ዓመት እሸታቸውም ጠቁሮ ተጣለ። አሚኑ ግን ዳነ። ዙሌይካ እስከ በጋው መጨረሻ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቴፒ እየመጣች በግራዝማች በርጩማ ላይ ትቀመጥ ነበር። ከቱምም ከማጂም ሰዎች መጡ፤ ሲገቡ ሁሉም ይቆጣሉ። አንዱ «ከሰኔ ጀምሮ ስታመላልሱኝ!» ይላል፤ ሌላው «አይ የሽማግሌው ተንኮል፣ ደግሞ የት ተደበቁ?» ይላል። ዙሌይካ ስማቸውን አትጠይቅም፤ ስድባቸውን አዳምጣ፣ ልብሱን ከምስማር አውርዳ ትሰጣለች። ሽማግሌው ለምን እንደሌሉ ለአንዳቸውም አልነገረችም፤ ከእነዚህ መሐል የማን በር ሊንኳኳ እንደ ነበር አታውቅምና፣ እንዲያውቁትም አልፈለገችም።

ኋላ የቡና ንግድ ተፈቀደ፣ ትልልቅ ማጠቢያ ጣቢያዎች ተተከሉ፣ ልብስም በጥቅል ከውጭ ይመጣ ጀመር። የዚያ ዓመት ታሪክ ሲጻፍ የመንግሥት ለውጥ አለበት፣ ጉባኤና ቻርተር አለበት፤ የሚዛኑ ዳስ የለበትም። ስለ ግራዝማች ታፈሰ ዛሬም ብትጠይቁ፣ ከማሻ እስከ ማጂ ያሉ ሽማግሌዎች ወዲያው ያስታውሷቸዋል። «አዎን» ይላሉ እየሳቁ፤ «ሰው የሚያመላልስ፣ ግትር ሽማግሌ ነበር።» ይህን የሚሉት፣ ስማቸው ሳይነገር ቀርቶ በሰላም ያረጁት ሰዎች ናቸው።