ለራሱ ብቻ የሚያወራ ሰርቨር

«ተከፈተ! አየሽ፣ ሽቦ? ተከፈተ እኮ!»

የሽቦ አክስት ልጅ ከወንበሯ ብድግ አለች። ከመጋዘን በወጣው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የትምህርት ቤቱ ገጽ ፍንትው ብሎ ወጥቷል። የኮምፒውተር ክበቡ ልጆች አጨበጨቡ። ሽቦ ግን እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ይህን ቅጽል ስም ያወጡላት ቀጭን ስለሆነችና ኬብል ከእጇ ስለማይጠፋ ነው፤ እስካለፈው ዓመት ድረስ በዚህ ክፍል ሰው ሲቸግረው የሚጠራው እሷን ብቻ ነበር።

ከዚያ ይህቺ የአክስት ልጅ እነሱ ቤት መኖር ጀመረች። ሽቦ አልጋዋን አካፈለቻት፣ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት መጫን አስተማረቻት፣ አሮጌ ኮምፒውተርን ሰርቨር የሚያደርገው፣ ማለትም ገጽ ለሌሎች ስልኮች እንዲያቀርብ የሚያስችለው ሶፍትዌር በነፃ እንደሚገኝና ማንም ውስጡን ከፍቶ ሊያሻሽለው እንደሚችል አሳየቻት። ልጅቷ ደግሞ አንዴ ከነገሯት ሁለተኛ አትጠይቅም። አሁን የሽቦ እናት ሳትቀር «እንደ እሷ ፈጠን በይ እንጂ» ትላታለች። ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይኼ ነው፤ ቅናት አንጀቷን አሳረራት።

ዛሬ ደግሞ የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ መወዳደሪያ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ ገጹ በስልካቸው ከተከፈተ ቁልፉን ለሠራችው ልጅ ሊሰጡ ቃል ገብተዋል። በዕጣ የመጀመሪያው ዕድል ለአክስቷ ልጅ ደረሰ፤ እሷ ካቃታት ተራው የሽቦ ነው።

ሽቦ ከገጹ ጎን የተከፈተውን የሰርቨሩን ማስተካከያ ፋይል ስታይ ልቧ ዘለለ። ከዚሁ ማሽን ውጭ ለማንም እንዳይመልስ የምታዝ መስመር አለች። ሰርቨሩ ለራሱ ብቻ ነው የሚያወራው! እዚህ ይከፈታል፤ በማንም ስልክ ግን አይከፈትም። መስመሯን ደግሞ በደንብ ታውቃታለች። ቤት ስትለማመድ ስህተቷን ሰው እንዳያይባት ራሷ የጻፈቻት ናት። የአክስቷ ልጅ ፋይሉን እንዳለ ገልብጣዋለች።

«ዝም ብል ምን አለበት?» አለች በልቧ። «ገልብጪ አላልኳት።» ርዕሰ መምህሩ ስልካቸውን ደጋግመው ሲነካኩ፣ ልጆቹ ሲሳሳቁ፣ ያቺ ፈጣን ልጅ መግቢያ ሲጠፋት ታያት። ደስ አላት። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አላት።

ከኮሪደሩ የርዕሰ መምህሩ ሳል ተሰማ።

«ስሚ፣» አለቻት የአክስቷ ልጅ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «ፋይሉ ያንቺ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ፣ እሺ? ያለ አንቺ አልችለውም ነበር አቦ!»

ሽቦ ይህን ባትሰማ ይሻላት ነበር። ልጅቷ ክፉ ብትሆን ኖሮ መቅናቱ እንዴት በቀለለ!

በሩ ሲከፈት ሽቦ ወደ እሷ ጎንበስ አለች። «ሦስተኛዋን መስመር እያት። ለውጭ ሰው በር አልከፈትሽም።»

የአክስቷ ልጅ ክው አለች። ኪቦርዱን ወደ ሽቦ ገፋችው። «አንቺ ጻፊው፣ በናትሽ! እኔ እንዳላበላሸው።»

የሽቦ እጆች ከኪሷ ወጡ። አንዲት መስመር ናት። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ማን እንዳስተካከለው በዓይናቸው ያያሉ። ቁልፉ ጣታቸው ላይ ይንቃጨላል።

«ራስሽ ጻፊው፣» አለች ኪቦርዱን መልሳ እየገፋች። «ደግሞ ሰርቨሩን እንደገና ማስነሳት እንዳትረሺ።»

ከዚያ እጆቿን ኪሷ ውስጥ መልሳ ከተተች። ቁልፉን ላለማየት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።